«ዕድለኛ ነው» ያለው ወረቀት

በሰፈሩ «መዝገበ ቃላት» ነው የሚሉት። ስሙን ያወጡለት ለሽሙጥ ነበር፤ እሱ ግን እንደ ማዕረግ ተቀበለው። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ከፍርድ ቤቱ ማዶ ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል ተቀምጦ የሰውን ወረቀት ከእንግሊዝኛ ሲያወጣና ወደ እንግሊዝኛ ሲያስገባ የኖረ ተርጓሚ ነው። የልደት ምስክር ወረቀት፣ የጋብቻ ውል፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የውክልና ሰነድ፣ ያልነካው የወረቀት ዓይነት የለም። ክፍሏ የምትችለው ሁለት ጠረጴዛ ብቻ ነው፤ አንዱ የእሱ፣ አንዱ የታይፒስቷ። የተረፈው ቦታ የባለጉዳይ ነው፤ ባለጉዳዩም ከሦስት ከበለጠ አንዱ ደጃፍ ላይ መቆሙ አይቀርም።

እንግሊዝኛውን የተማረው ከመጽሐፍ ነው። ከቋንቋው ባለቤቶች ጋር ፊት ለፊት ያወራበት ጊዜ በዕድሜው ሁሉ ቢደማመር ግማሽ ቀን አይሞላም። ይህ ግን አሳስቦት አያውቅም። «ወረቀት አይንተባተብም፤ የሚንተባተብ ሰው ነው» ይላል። ባለጉዳይ አንድ ቃል ተጠራጥሮ ቢጠይቀው ጣቱን ያነሳና «ሃያ ሰባት ዓመት!» ይላል፤ ክርክሩ እዚያው ላይ ይሞታል። ታይፒስቷ ብቻ አንዳንዴ ከጽሑፏ ቀና ሳትል፣ «ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ የሚሳሳትም ሰው አለ እኮ» ትለዋለች። እሱ ቀልድ ነው ብሎ ያልፋታል፤ እሷም ያለችው በቀልድ ነበር።

አንዲት ታናሽ እህት አለችው። ወላጆቻቸው ቀድመው ስለሞቱ አባትም እናትም ሆኖ ያሳደጋት፣ ለወግ ያበቃትም እሱ ነው። «ጋሽዬ» ትለዋለች፤ ሲቆጣትም ሲያስቃትም ያው ጋሽዬ ነው። ያገባችው አናጢ ነው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሥራ ላይ ሲሆን የሚያፏጭ፣ ካልሠራ ደግሞ የሚታመም ዓይነት ሰው። ተርጓሚው መጀመሪያ ላይ አናጢውን አልወደደውም ነበር። «ያን ሁሉ አስተምሬሽ ለመጋዝ!» ብሎ ነበር። በኋላ ግን የሰውየው እጅ ያወጣቸውን በሮች ሲያይ፣ አንድም ቀን እህቱን ሲያስከፋት አለማየቱን ሲያስብ ወደደው፤ አናጢውም «አማቼ» ሲለው አፉ ላይ ስኳር ያለ ይመስል ነበር።

አንድ ቀን አናጢው የአንድ ትምህርት ቤት ጣሪያ እየመታ ሳለ የቆመበት መረማመጃ እንጨት ተሰብሮ ወደቀ። መውደቁስ ባልከፋ፤ ይዞት የነበረው ወፍራም እንጨት ከላይ ተከትሎት መጥቶ ቀኝ እግሩ ላይ፣ ከቁርጭምጭሚቱ በታች አረፈበት። ወደ ቅርቡ ክሊኒክ በቃሬዛ ወሰዱት። በዚያው ሰሞን ለሁለት ሳምንት ሊረዳ ከውጭ አገር የመጣ ቀዶ ሐኪም እዚያ ነበርና ሦስት ሰዓት ሙሉ እግሩ ላይ ሠራበት። ሰው ሁሉ «እግዜር ሳይደግስ አይጣላም፤ እንዲህ ያለ ሐኪም በወቅቱ መገኘቱ!» አለ።

በአሥረኛው ቀን ሐኪሙ ወደ አገሩ ሄደ። ሲሄድ ስድስት መስመር የእጅ ጽሑፍ ትቶ ነበር። ነርሷ ወረቀቱን ለእህትየው ሰጠቻትና፣ «ዋናው ሆስፒታል ይታይ ተብሏል፤ ይቺን እንዳትጥያት» አለቻት። ዋናው ሆስፒታል በአውቶቡስ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። እህትየው ወረቀቷን በሁለት እጇ ይዛ በቀጥታ ወንድሟ ቢሮ መጣች።

ያን ቀን ቢሮው ሙሉ ነበር። አንድ ወጣት ዲፕሎማውን ይዞ ይጠብቃል፤ ባልና ሚስት የማይስማሙበት ውል ላይ ቆመው ይጨቃጨቃሉ። እህትየው ስትገባ ግን ተርጓሚው ሁሉንም አስቆመ። መነጽሩን አጠለቀ፤ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አቀረበ። ክፍሉም ጆሮውን አቆመ፤ የሰው ሐዘን ሲሆን የማይሰማ የለም።

«አጥንቶቹ ወደ ቦታቸው ተመልሰው ታስረዋል» ብሎ አነበበ። «ቁስሉ ንጹሕ ነው።»

ሦስተኛው መስመር ላይ ሲደርስ ቆም አለ። «ሂ ዊል ቢ ላኪ ቱ ኪፕ ዘ ፉት» ይላል። የማያውቀው ቃል አልነበረም አንዱም። ግን የሆነች ነገር፣ ጫማ ውስጥ እንደገባች ትንሽ ጠጠር ቆረቆረችው። ዕድለኛ ነው ማለት ከፈለገ ለምን «ይሆናል» አለ? ቀና ሲል የእህቱን ዓይን አየ፤ ከእሱ አፍ በቀር ሌላ ነገር አይታያትም ነበር። ሰዎቹም ይጠብቁታል። ጠጠሯን ረገጣትና አለፈ።

«ዕድለኛ ነው» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «እግሩ ይተርፍለታል።»

እህትየው ያለቀሰችው ያኔ ነው። ባልና ሚስቱ ጭቅጭቃቸውን ትተው «እሰይ! እሰይ!» አሉ። ዲፕሎማ የያዘው ወጣት ወንበሩን ለቀቀላት።

«እንግሊዝኛው ራሱ ምን ይላል ጋሽዬ? በእንግሊዝኛው ልስማው እስኪ» አለች ዓይኗን እየጠረገች።

«ላኪ ይላል።»

«ላኪ? ማን ነው የላከው?»

ቢሮው ሳቀ። እሱም ሳቀ። «ላኪ ማለት በነሱ ቋንቋ ዕድለኛ ማለት ነው፣ እህትዓለም» አላት።

«ታዲያ ዋናው ሆስፒታል ይታይ ያለው ለምንድን ነው?»

እዚህ ላይ ነበር እንግዲህ ነገሩ። ወረቀቱ ላይ ያለውን ብቻ ተርጉሞ ቢተወው ኖሮ አንድ ስህተት ነበር። እሱ ግን ከራሱ ጨመረበት። «ለቁጥጥር ነዋ» አላት። «የሐኪም ወረቀት ሁሉ መጨረሻው ላይ እንዲህ ይላል፤ ወጉ ነው። የሚያስቸኩል ቢሆን ኖሮ ቀን ይቆርጥለት ነበር፤ ይኸው ቀን የለውም።»

ትርጉሙን ታይፒስቷ ጻፈችው። እሱ በራሱ እጅ ማኅተም መታበት። እህትየው ቤቷ ወስዳ ከባሏ አልጋ በላይ ግድግዳው ላይ በአራት ምስማር መታችው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ደስ የሚሉ ነበሩ ማለት ይቻላል። ተርጓሚው በየእሑዱ እየሄደ አልጋው ጠርዝ ላይ ይቀመጣል። አናጢው ተኝቶም ቢሆን አያርፍም፤ በጉልበቱ ላይ ጣውላ አስደግፎ የመሳቢያ እጀታ ይቀርጻል። በሦስተኛው ሳምንት፣ «ጣቶቼ ተኝተዋል አማቼ፤ ሥራ ፈት ሆኑና እንቅልፍ ለመዱ» አለው እየሳቀ። በአራተኛው ሳምንት እህትየው ፋሻውን ስትቀይር ፊቷን አጠቆረች።

«ቀለሙ ደስ አላለኝም ጋሽዬ። እስኪ ይዘነው ብንሄድስ?»

«ግማሽ ቀን በዚያ ኮረኮንች ላይ!» አለ አናጢው። «የተገጠመው አጥንቴ በመንገድ ላይ ነው የሚፈታው። ወረቀቱን አታይም እንዴ? አማቼ፣ ምን ይላል ወረቀቱ?»

ተርጓሚው ግድግዳውን አየ። የራሱ ማኅተም እዚያ ላይ እንደ ዓይን ያፈጣል። «ያው እንደሚለው ነው» አለ። «ቁስል ሲድን መልኩን ይለዋውጣል።» ይህንንም ማን እንደነገረው እሱ ራሱ አያውቅም።

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው ይባላል። በአምስተኛው ሳምንት አጋማሽ፣ ረፋድ ላይ፣ አንድ ሽማግሌ ቢሮው መጡ። እጃቸው በትኩስ ዘይት ጠባሳ የተዥጎረጎረ ነው። ሠላሳ ዓመት በንግድ መርከብ ላይ ምግብ አብሳይ ነበሩ። የአገልግሎት ማስረጃ እንዲልክላቸው ለመርከብ ድርጅቱ ጽፈው ኖሮ መልሱ መጥቷል፤ ለባሕረኞች ማኅበር ለማስገባት ትርጉሙን ፈልገዋል።

ተርጓሚው ደብዳቤውን ተቀብሎ እንደ ልማዱ ለታይፒስቷ በቃል ያስጽፍ ጀመር። «የእነዚያ ዓመታት መዛግብት በእሳት ቃጠሎ ጠፍተዋል። ነጠላ ሰረዝ። ዕድለኛ ነዎት፤ የሆነ ነገር ያገኛሉ። አራት ነጥብ።»

ሽማግሌው ሳቁ። ሳቃቸው ወደ ሳል ተለወጠ፤ ሳሉም እንደገና ወደ ሳቅ።

«ምን ያስቅዎታል አባት?»

«ይቅርታ ጌታዬ። ይሄ ሰውዬ እኮ አታገኝም ነው የሚለኝ። ልፋ ያለው ነው የሚፈልገው፣ አርፈህ ተቀመጥ ነው የሚለኝ።»

«ላኪ ነው የሚለው፣ ይኸው። ላኪ ዕድለኛ ነው። እኔ ሃያ ሰባት ዓመት—»

«እሱማ ነው፤ ብቻውን ሲቆም ዕድለኛ ነው» አሉ ሽማግሌው በትሕትና። «ከፊቱ ‹ዊል ቢ› ብለው፣ ከኋላው ደግሞ ‹ቱ› ሲያስከትሉበት ግን ይገለበጣል። ማንበብ ላይ እምብዛም ነኝ፤ ደብዳቤውንም ፊደል ቆጥሬ ነው ያየሁት፤ ይቺን ቃል ግን በጆሮዬ ነው የማውቃት። አንደኛ ዓመቴ ላይ ለኃላፊዬ ‹ዛሬ ቀደም ብዬ ብወጣስ?› አልኩት። ‹ዩል ቢ ላኪ!› አለኝ። ዕድለኛ ነህ ያለኝ መስሎኝ ሽርጤን ፈትቼ ወጣሁ። በጆሮዬ ጎትቶ ነው የመለሰኝ!» እንደገና ሳቁ። «በኛ ቋንቋ ቢሆን ‹ካገኘህ ዕድለኛ ነህ› እንደማለት ነው። ያቺ ‹ከ› ናት ቁም ነገሩ። ‹ከ› ከሌለች ነገሩ ሌላ ነው።»

የታይፒስቷ ጣቶች ቆሙ። ያንን ሌላውን ወረቀት የጻፈችው እሷ ነበረች። ቀስ ብላ ዞራ አየችው፤ እሱም አያት። 

ተርጓሚው ተነስቶ ቅጂዎች የሚቀመጡበትን ሣጥን ከፈተ። አቃፊውን ሁለት ጊዜ ጣለው። የእህቱን ባል ወረቀት ሲያገኝ እርሳስ አነሳና ከመስመሩ በላይ፣ ማንም እንዳያየው የፈለገ ይመስል በቀጭኑ ጻፈ፦ እግሩ ከተረፈለት ዕድለኛ ነው። አነበበው። ሐኪሙ ዕድል አልሰጠም ነበር። ተስፋ ቁረጡ ለማለት አፉ አልደፍር ብሎት እንጂ።

«አባት፣ ነገ ይመለሱ» አለ። ድምፁ የራሱ አልመስል አለው። ኮቱን ረስቶ ወጣ።

እህቱ ቤት ሲደርስ እየሮጠ ነበር፤ በሃምሳ ስምንት ዓመቱ። አናጢው ጣውላው ጉልበቱ ላይ እንዳለ ነው፤ ቀኝ እግሩ ግን በወፍራም ካልሲ ተሸፍኗል። ክፍሉ ውስጥ አንድ ሽታ አለ። እሑድ ለእሑድ ሲመጣ አልታወቀውም ነበር ወይስ እንዳይታወቀው ፈልጎ ነበር፤ ይህን ጥያቄ በኋላ ራሱን ብዙ ጊዜ ጠየቀ።

«ተነሱ፣ ዋናው ሆስፒታል እንሂድ» አለ። «አሁን፣ በከሰዓቱ አውቶቡስ።»

«ለቁጥጥር ነው፣ ወግ ነው ያልከኝ አንተ አይደለህ እንዴ?» አለች እህቱ።

እውነቱን መናገሪያው ሰዓት ያ ነበር። አፉን ከፈተ። «አይ፣ እንዲያው ሳስበው… ጥንቃቄ አይከፋም ብዬ ነው» ብሎ ዘጋው። ካፈርኩ አይመልሰኝ ነበር ነገሩ። አውቶቡሱ ላይም አራት ሰዓት ሙሉ አጠገቧ ተቀምጦ አልተናገረም። አናጢው እግሩን የኋላ ወንበር ላይ ዘርግቶ በየጉድጓዱ ጥርሱን ነከሰ። አላፏጨም።

ሆስፒታሉ ውስጥ ያገኘቻቸው ቀዶ ሐኪም ጎልማሳ ሴት ነች፤ ደክሟታል፣ ግን አልጣደፈችም። ካልሲውን ራሷ በመቀስ ቀደደችው። አየች፤ ጫን አድርጋ ነካች፤ «ይሰማዎታል?» አለች። አናጢው ዓይኑን ወደ ጣሪያው አነሳ። ከዚያ ወደ መተላለፊያው ወጥታ የውጭ አገሩን ሐኪም ወረቀት እህትየው እጅ ላይ እንዳለ አነበበችው።

«መቼ ነው የተጻፈላችሁ ይሄ?»

«አምስት ሳምንት ሆነው።»

«አምስት ሳምንት! እግሩ ከተረፈለት ዕድለኛ ነው ይላል እኮ። ቀን ባይጽፍበትም እንዲህ እያለ እንዴት ቤት ታስቀምጡታላችሁ? ይሄን የሚያነብላችሁ ሰው አልነበረም?»

እህትየው ከቦርሳዋ ሌላ ወረቀት አወጣች። በአራቱ ማዕዘን የምስማር ቀዳዳ አለው። ሐኪሟ ተቀብላ አነበበችው፤ ከዚያ ማኅተሙን አየች።

«ማን ነው ይሄ ተርጓሚ?»

መተላለፊያው ውስጥ አንድ አልጋ በጎማ እግሩ እየተንኳኳ አለፈ። ተርጓሚው እስኪያልፍ ጠበቀ።

«እኔ ነኝ» አለ።

ሐኪሟ ወረቀቱን አጥፋ መለሰችላቸው፤ መቆረጥ እንዳለበት፣ ዛሬውኑ መሆን እንዳለበት፣ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ እንደሚሆን ነገረቻቸው። ልትሄድ ስትል ተርጓሚው ተከተላት።

«በወቅቱ ብናመጣው ኖሮስ?»

«ምናልባት» አለች። «ምናልባትም ያው ይሆን ነበር። እንዲህ ያለ እግር ይዘው በጊዜ ከሚመጡት ግማሹ ይተርፍላቸዋል። እሱ በየትኛው በኩል ይሆን እንደነበር እኔም አላውቅ፣ አንተም አታውቅ።»

ሲመለስ እህቱ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀምጣለች። ጮኻ ብትሰድበው፣ ደረቱን ብትደበድበው በወደደ። እሷ ግን ቀና ብላ አየችውና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እርስዎ ይሂዱ» አለችው። «እኛ እዚህ እንጠብቃለን።»

በሕይወቷ ሙሉ «አንተ» ብላው የምታውቅ ልጅ ናት። ያቺ «እርስዎ» እንደ በር ተዘጋችበት።

አልሄደም። ግቢው ውስጥ ከመድኃኒት ቤቱ መስኮት ሥር ቆሞ አደረ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ሲባል ስንት ጊዜ ሰምቷል፤ ስንት ጊዜስ ራሱ ለሰው ብሏል።

በአራተኛው ቀን አናጢው ራሱ አስጠራው። እህትየው ሲገባ አይታ ወጣች። አናጢው ፊቱ ወደ ግድግዳው ነው፤ ብርድ ልብሱ በቀኝ በኩል ወደ ታች ሲወርድ ድንገት ይጎድላል።

«ስማ» አለ። «አማቼ» አላለውም። «እግሬ የበረደው በሁለተኛው ሳምንት ነው። በምስማር ጫፍ ወጋ አደረግኩት፤ አልተሰማኝም። ለማንም አልተናገርኩም። ከተናገርኩ ይወስዱኛል፣ ከወሰዱኝ ይቆርጡኛል ብዬ። ወረቀትህ ደግሞ እኔ የምፈልገውን ይላል። በየቀኑ አነበው ነበር።»

ተርጓሚው ሊናገር ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ አናጢው አቋረጠው።

«ይሄን የምነግርህ ሸክምህን ላቀልልህ አይደለም። የኔ የኔ ነው፤ ያንተ ያንተ ነው። እንድታውቀው ብቻ ነው። አሁን ሂድ፤ ደክሞኛል።»

ሄደ። ቢሮውን ከፈተ፤ ሥራ ግን አልቻለም። በሩ ላይ «ለጊዜው ዝግ ነው» ብሎ ለጠፈና የሃያ ሰባት ዓመቱን ቅጂ ከሣጥኖቹ ማውጣት ጀመረ። ያችን አንዲት ቃል ፍለጋ ነው። ታይፒስቷ ቤትሽ ሂጂ ብትባል እምቢ አለች፤ ወንበሯን አዙራ ከፊቱ ተቀመጠችና ግማሹን ክምር ወደ ራሷ ሳበች። አሥራ ስድስት ቀን ፈጀባቸው። ቃሏ በአራት ወረቀት ላይ ተገኘች። ሦስቱ ላይ ምንም አልተበላሸም፤ ዕድለኛ በዕድለኛነቱ ነው የቆመው። አራተኛው ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የተተረጎመ ወረቀት ነበር፤ ለአንዲት ሴት ከባሕር ማዶ የተጻፈ ደብዳቤ። ባሏን ለማግኘት የምታደርገውን ፍለጋ በተመለከተ ነበር። «ዕድለኛ ነሽ፣ ታገኚዋለሽ» ብሎ ተርጉሞላታል።

አድራሻዋን ይዞ ፍለጋ ሄደ። ቤቱ ፈርሶ በቦታው የቀለም መጋዘን ተሠርቷል። መጋዘን ጠባቂው የሚያውቀው ነገር የለም። ከጎን ያለች አሮጊት ብቻ፣ «አዎ፣ አንዲት ሴት ነበረች፤ በየቀኑ በር ላይ ቆማ መንገድ የምታይ። ከዚያ አንድ ቀን እቃዋን ጭና ሄደች» አለችው። ወዴት ብሎ ቢጠይቃት እጇን በአየር ላይ አወናጨፈች። ተርጓሚው በእግሩ ነው የተመለሰው።

ከዚያ በኋላ ቢሮው ሲከፈት የሐኪም ወረቀት አልቀበልም አለ። ለሁለት ሳምንት የመጣውን ሁሉ መለሰ። በመጨረሻ አንዲት እናት የልጇን የልብ ምርመራ ውጤት ይዛ መጥታ፣ ሲመልሳት ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። ታይፒስቷ ሥራዋን አቁማ ተነሳች።

«እና አሁን ይቺ ሴት ለማን ትውሰደው?» አለችው። «መፍራትህ ለሷ ምን ይፈይድላታል?»

ተርጓሚው ወረቀቱን ተቀበለ፤ ሦስት ጊዜ አነበበው። ከዚያ እናትየውን ይዞ ወረቀቱን የጻፈው ሐኪም ዘንድ ሄደና የተሰለፉትን በሽተኞች ተራ ጠብቆ፣ እርግጠኛ ያልሆነበትን አንድ መስመር በጣቱ አሳይቶ፣ «ይሄን ሲጽፉ ምን ማለትዎ ነበር?» ብሎ ጠየቀ። ሐኪሙ ነገረው። እሱ ያሰበው ራሱ ነበር፤ ቢሆንም ጠየቀ። ከዚያ ወዲህ በቀን የሚሠራው ወረቀት በግማሽ ቀነሰ። ባለጉዳዮችም «መዝገበ ቃላት አረጀ» እያሉ ወደ ሌላ ቢሮ መሄድ ጀመሩ።

አናጢው ቤቱ ተመልሷል። ሆስፒታሉ የሰጠው ሰው ሠራሽ እግር ቁስሉን ቢልጠው አንድ ጥግ ወረወረው። ለሁለት ወር ከሰው ጋር አልተነጋገረም ማለት ይቻላል። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ተርጓሚው በሩ ላይ ቆሞ ልግባ አልግባ ሲል ከውስጥ ፉጨት ሰማ። አናጢው መሬት ላይ ቁጭ ብሎ አንድ ግንድ በሞርሳ አስሮ በመሮ እየቦረቦረ ነው።

«ምንድን ነው?»

«እግር ነዋ፤ ዓይን የለህም?» አለው ቀና ሳይል። «እነዚያ የሠሩት እግር ማን ላይ ተለክቶ እንደሆነ እንጃ። ያዝልኝ ይሄን። እንደሱ አይደለም። አጥብቀህ!»

ተርጓሚው ያዘ። በዕድሜው ከብዕር የከበደ ነገር በእጁ ይዞ የማያውቅ ሰው፣ መዳፉ ውኃ እስኪቋጥር ያዘ። በየቅዳሜው መጣ። አናጢው ይሰድበዋል፣ ያዘዋል፤ ሲሳሳት መሮውን ከእጁ ይነጥቀዋል። ስለ ወረቀቱ አንድም ቀን አላነሱም። እህትየው እሱ ሲመጣ ወደ ጓዳ ትገባለች፤ ሲሄድ ትወጣለች። እንጨቱን በብርጭቆ ወረቀት ሲያለሰልሱ፣ ከውስጡ ስፖንጅ ሲያለብሱት፣ ቀበቶውን ሲገጥሙለት ቀኖች ተቆጠሩ። ሁለት ጊዜ ተሰነጠቀና እንደ አዲስ ጀመሩ።

በሦስተኛው እግር አናጢው ቆመ። አንድ ጠዋት ነበር፤ ምርኩዙን ይዞ ከቤቱ በር እስከ መንገዱ ማጠፊያ ልሂድ አለ። ሰባ እርምጃ ቢሆን ነው። እህትየው በግራ ክንዱ ገባች። ተርጓሚው ቢጠጋ ታባርረኛለች ብሎ ፈርቶ ከኋላ፣ ሁለት ክንድ ርቆ ተከተለ። አናጢው አንድ እርምጃ፣ ደግሞ አንድ እርምጃ እያለ፣ ላቡ በአገጩ እየወረደ ግማሹ ላይ ሲደርስ ወደ ቀኝ ዘመም አለ።

እህትየው ሳትዞር ጮኸች። «ከኋላ ምን ይሠራሉ? በዚያ በኩል ይያዙት እንጂ!»

ተርጓሚው ሮጦ የቀኝ ክንዱን ያዘ። ሦስቱም እንደዚያው ተጣብቀው ቆሙ። አናጢው በረጅሙ ተነፈሰ።

«ሁለታችሁም ላላ አድርጉኝ» አለ። «እናንተው ልትጥሉኝ ነው እኮ።»